የሩቅ አገር አደጋ በተሰማ ጊዜ እንዴት እንስጥ፦ ለወሎ ቅሬዎችና ቤተሰቦች

በሩቅ አገር ምድር ተንቀጥቅጦ፣ ባሕር ተነሥቶ ወይም ግድብ ተደርምሶ ሰው ባለቀ ጊዜ ወሬው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ባቲ በስልክ ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም። ማታውኑ በመስጊድ ዱዓ ይደረጋል፤ በቤተ ክርስቲያን ይጸለያል፤ በቅሬው (በዕድሩ) ስብሰባ ላይም አንድ ሰው ተነሥቶ «እኛስ ምን እናድርግ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተግባር መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ አባወራ አምሳ አምሳ ብር ለሚሰበስብ ቅሬም፣ ከደመወዙ ቆርሶ ለሚሰጥ መምህርም ያገለግላል። የውጭ አገር አደጋዎችን ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ትኩረትና ችግር እኩል አይራመዱም

ይህን ከማንም ይልቅ ወሎ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም. ረሀቡ ሰው ሲጨርስ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳይተው ነበር፤ ዓለም የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን ካሰራጨ በኋላ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላም ያው ተደገመ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ያቀረበው ማስጠንቀቂያ ያገኘው ምላሽ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣውን ምስል ሲያስተላልፍ ግን በሳምንታት ውስጥ እርዳታው ይጎርፍ ጀመር፤ በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው የሙዚቃ ዝግጅትም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ሰባት ወራት መረጃው ነበር፤ የታጣው ምስል ነው።

ዛሬ ተመልካቾቹ እኛ በሆንንበት ጊዜም ነገሩ የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በስቶክሆልም የሚገኙ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1968 እስከ 2002 በዓለም ላይ የደረሱ ወደ 5,000 የሚጠጉ የተፈጥሮ አደጋዎችን ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ዜናና ከአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ጋር አስተያይተው ነበር። አደጋው ከኦሎምፒክ ውድድር ጋር ሲገጣጠም በዜና የመታየትም እርዳታ የማግኘትም ዕድሉ ይቀንሳል፤ እሳተ ገሞራ አንድ ሰው ሲገድል የሚያገኘውን የዜና ሽፋን ለማግኘት የምግብ እጥረት ወደ 40,000 ሰው መግደል አለበት። የወሎ ሰው ይህን ሲያነብ የሚሰማውን ለማንም ማስረዳት አያሻም።

እ.ኤ.አ. 2010 ደግሞ ጉዳዩን በአንድ ዓመት ውስጥ አሳይቶ አልፏል። በጥር ወር የሄይቲን ዋና ከተማ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ ቀን የዓለምን ዓይን ሳበ፤ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በስልክ አጭር መልእክት ከሚላክ ዐሥር ዐሥር ዶላር ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በዚያው ክረምት በፓኪስታን የኢንዱስ ወንዝ ሞልቶ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲጎዳ ግን ገንዘቡ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የመጣው። የሞተው ሰው ወደ 2,000 ገደማ ነበርና፣ ጎርፉም ቀናትና ሳምንታት እየፈጀ ስለ ወረደ፣ አንድ አስደንጋጭ ቀን አልነበረውም። በሄይቲም ቢሆን ኮሌራ የገባው በጥቅምት ወር፣ ካሜራዎቹ አብዛኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ወረርሽኙም በቀጠሉት ዓመታት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ።

ከዚህ ለሰጪው የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ልብዎ የተነካበት ቀንና ገንዘብዎ የሚያስፈልግበት ቀን አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ቀን የሚወሰነው የመስጠት ሐሳብ ብቻ ይሁን፤ መጠኑ፣ መንገዱና ጊዜው በእርጋታ ይወሰኑ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለማጣራት ይጠቀሙበት

ብዙ ሰው «ሰው በፍርስራሽ ሥር ሆኖ ሳለ እንዴት እንዘገያለን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ እንደሚታሰበው አይደለም። ከፍርስራሽ በሕይወት ከሚወጡት ሰዎች አብዛኞቹን የሚያወጧቸው ጎረቤቶቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ይህም የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከደሴ የሚነሣ ብር በእነዚያ ሰዓታት ማንንም አያወጣም። የእርስዎ ገንዘብ የሚውለው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው፣ ለድንኳኑ፣ ለንጹሕ ውኃው፣ ለመድኃኒቱና ቤት ለመጠገኑ ስለሆነ፣ አንድ ሳምንት ማዘግየት የሚጎዳው ሰው የለም።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ሥራ አገሩ እርዳታ መጠየቅ አለመጠየቁን ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሞሮኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ብዙ መንግሥታት ለመርዳት ተነሥተው ነበር፤ አገሪቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የነፍስ አድን ቡድን የተቀበለችው ግን ከስፔን፣ ከኳታር፣ ከእንግሊዝና ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ብቻ ነበር። ሕንድም በ2004 ሱናሚ ጊዜ የውጭ መንግሥታትን እርዳታ በመጀመሪያ አልፈለገችም። አንዳንድ አገር የራሱ አቅም አለው፤ ያልተጠየቀ እጅ ደግሞ በጠባብ በር ላይ ይጨናነቃል። በ2015 የኔፓል መሬት መንቀጥቀጥ የካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ የነበረው ሲሆን፣ እሱም በመጎዳቱ ከባድ አውሮፕላኖች እንዳያርፉ ተከልክሎ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ የተጠየቀውንና የተገኘውን ማመሳከር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለትልልቅ አደጋዎች የእርዳታ ጥሪ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ ምን ያህል ተጠይቆ ምን ያህል እንደ ተገኘም በሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮው የገንዘብ መከታተያ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ሪሊፍዌብ የተባለው ድረ ገጽም የድርጅቶችን ሪፖርት በአንድ ቦታ ያሰባስባል። እንግሊዝኛ የሚያነብ የቅሬ አባል ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በግማሽ ሰዓት ሊያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በቱርክና በሶሪያ ድንበር አካባቢ ለደረሰው አደጋ ለቱርክ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለሶሪያ ደግሞ ወደ 397 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተጠየቀው። ሁለቱን አገሮች ያናወጠው ያው መንቀጥቀጥ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ጠንካራ መንግሥትና ክፍት መንገድ ነበረው፤ ሌላው ከዐሥር ዓመት በላይ በጦርነት የተከፋፈለ አገር ነበር። እኔ ብጠየቅ እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙም የማይወራለትን ወገን እመርጣለሁ፤ ለዚህ ምርጫ ግን እያንዳንዱ ቅሬ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ዕቃ አይሰብስቡ

ይህ ነጥብ ክርክር ያስነሣል፤ ምክንያቱም በወሎ ልማድ ለተቸገረ ሰው እንጀራ ተሸክሞ፣ ጋቢ አውልቆ መስጠት ትልቅ ክብር ነው። ከኩታበር ወደ ደሴ ለመጣ ተፈናቃይ ይህ ይሠራል፤ እጅ ለእጅ ነውና። ባሕር ለሚሻገር እርዳታ ግን አይሠራም።

በታኅሣሥ 1988 አርመን አገር በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ተላከላት። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ እንደ መዘገበው፣ ምን እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጀባቸው፤ በቀላሉ ሊለይ የቻለው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ የኢንዶኔዥያዋ አቼ ግዛት ሁለት ሚሊዮን ለማይሞላ ሕዝብ ወደ 4,000 ቶን መድኃኒት ደርሷት፣ አብዛኛው ያልተጠየቀና የአካባቢው ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈበት ሆኖ ተገኘ። የተላከውን ማቃጠልና መቅበርም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ልብስ ደግሞ ከመድኃኒት የባሰ ነው። ባለጠጎች አገሮች ለድሀ ብለው የሚያዋጡት ልብስ መጨረሻው የት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ሰልባጅ ተራ ጎራ ማለት ይበቃዋል።

ገንዘብ ግን በተጎጂው አገር ገበያ ይገዛበታል፤ የፈረሰውን ሱቅም መልሶ ያነሣል።

ብር እንዴት ከአገር ይወጣል

አብዛኛው የልግስና ምክር የተጻፈው ካርድ ይዞ በኢንተርኔት ለሚከፍል ሰው ነው። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። ብር ከኢትዮጵያ ውጭ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኘውም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተፈቀደለት ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቅሬ ገንዘቡን ራሱ ወደ ውጭ ድርጅት ለመላክ ባይሞክር ይሻላል። ቀርተው የሚታዩት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ጣጣ አለው።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በዞኖች ቅርንጫፍ ያለውና የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን አባል ነው። አደጋ በደረሰበት አገር ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ማኅበር አስቀድሞ አለ፤ ሠራተኞቹም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ከአደጋው በኋላ በአውሮፕላን ከሚደርስ አዲስ ድርጅት ይልቅ፣ ከአደጋው በፊት እዚያ የነበረው መንገዱንም ቋንቋውንም ስለሚያውቅ ገንዘብዎ በእሱ እጅ የተሻለ ይሠራል። ይሁን እንጂ ወደ ቅርንጫፉ ሲሄዱ አንድ ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ «ይህ ገንዘብ በእውነት ወደ ተባለው አገር ይሄዳል ወይስ በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል?» ሁለቱም መልስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አባላቱ የሚነገራቸው እውነቱ መሆን አለበት። መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ያለው የተጎጂው አገር ኤምባሲ ነው። ኤምባሲዎች አንዳንድ ጊዜ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያወጣሉ። ቁጥሩን ከኤምባሲው ከራሱ ገጽ ወይም ስልክ ደውለው ያረጋግጡ እንጂ፣ በቴሌግራም ከተላለፈ ምስል ላይ አይውሰዱ።

ሦስተኛው በውጭ ያለ ዘመድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬና ከሐብሩ ስንት ቤት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤሚሬቶች ወይም በቤይሩት ልጅ እንዳለው የታወቀ ነው። «እኛ ብሩን ለእናቷ እዚህ እንስጥ፤ እሷ እዚያ በሪያል ትስጥልን» የሚለው ሐሳብ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ በተግባር ከባንክ ውጭ ምንዛሪ መለዋወጥ ነውና በሕግ ያስጠይቃል። በሳዑዲም ቢሆን ከተፈቀደላቸው አካላት ውጭ መዋጮ መሰብሰብ ወንጀል ነው፤ ያለ ፈቃድ በዋትስአፕ ቡድን ገንዘብ የምትሰበስብ ልጅ ራሷን ለእስር ልትዳርግ ትችላለች። ቢሆንም ልጅቱ ከራሷ ገቢ መስጠት ከፈለገች መንገድ አለ። በ2023 የቱርክና የሶሪያ አደጋ ጊዜ የንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ እርዳታ ማዕከል «ሳሂም» በተባለው መድረክ ከሕዝቡ መዋጮ ተቀብሎ ነበር። ወላጆች በስልክ ሲያወሩ «ስጪ» ከማለት በፊት «በመንግሥት በኩል ብቻ ስጪ» ማለትን አይርሱ።

አራተኛውን መንገድ ብዙዎች አይወዱትም፤ እኔ ግን በጣም እደግፈዋለሁ። ገንዘቡ ወደ ውጭ መድረሱ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ተመሳሳይ አደጋ በአገር ቤት ለደረሰበት ሰው ይሰጥ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው ተራራ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ሊያድኗቸው የሮጡት ጎረቤቶችም በሁለተኛው ናዳ ተይዘዋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ለወራት ሲናጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች ተነሥተዋል። ለእነዚህ የዓለም ካሜራ ብዙ አልቆየላቸውም። የሩቁ አደጋ የቀሰቀሰው ርኅራኄ ለቅርቡ ቢውል ምንም ነውር የለበትም፤ የሚያስፈልገው ለአባላቱ አስቀድሞ መንገር ብቻ ነው።

ስለ ዘካም አንድ ቃል። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች በቁርኣን በሱረቱ ተውባ ተዘርዝረዋል፤ ከተገኘበት አካባቢ ወደ ሌላ አገር ስለ መላኩም ዑለማዎች የየራሳቸው አስተያየት አላቸው። ስለዚህ ለሩቅ አገር አደጋ የሚሰበሰበው በሰደቃ ስም ቢሆን ይቀላል፤ ዘካውን ማዋል የሚፈልግ ሰው ከኢማሙ ጋር ይመካከር።

ቅሬው እንዴት ይሰብስብ

ቅሬ ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋመ ነው፤ ኃይሉም ከዚያ የመጣ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ የተጻፉበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ የጋራ የሆነበት፣ ደንቡን የጣሰ በዳኛው ፊት የሚቀጣበት ተቋም ነው። እንዲህ ያለ መተማመን የትም አይገኝምና ለአዲስ ነገር ሲባል እንዳይሰነጠቅ ጥንቃቄ ይሻል።

ስለዚህ የአደጋው መዋጮ ከቅሬው ገንዘብ ጋር ከቶ አይቀላቀል። ገንዘብ ያዡ አዲስ ደብተር ይክፈት። በመጀመሪያው ገጽ የስብሰባው ቀንና ውሳኔ ይጻፍ፤ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የተሰጠው ብር፣ ቀንና ፊርማ የሚገቡባቸው አምስት ዓምዶች ይሰመሩ። መፈረም የማይችል በጣቱ ይፈርም። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ድምር ይሠራ፤ ድምሩንም ከገንዘብ ያዡ ሌላ አንድ ሰው ይፈርምበት። በቴሌብር የላከ አባል ካለ የግብይት ቁጥሩ በስሙ ትይዩ ይጻፍ። ገንዘብ ያዡ በግል የቴሌብር ሒሳቡ መቀበሉ የተለመደ ቢሆንም፣ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ካለ እሱ ይቅደም።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሲያዝ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እኛ የቅሬው አባላት ዛሬ ባደረግነው ስብሰባ በ… አገር ለደረሰው የ… አደጋ እያንዳንዱ አባል በፈቃዱ የቻለውን እንዲያዋጣ፤ መዋጮው ከቀብርና ከለቅሶ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል፤ ከተሰበሰበው ግማሹ እስከ … ቀን፣ ቀሪው ግማሽ ከሦስት ወር በኋላ ለ… በደረሰኝ ገቢ እንዲደረግ፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ወደ ተባለው አገር ማድረስ ካልቻለ በአገር ውስጥ ለደረሰ ተመሳሳይ አደጋ እንዲያውለው ተስማምተናል።»

«በፈቃዱ» የምትለዋ ቃል ከሁሉም በላይ ትጠበቅ። በቅሬ ውስጥ ያልሰጠ ሰው በለቅሶው ቀን ይታወስብኛል ብሎ መፍራቱ አይቀርም። ዳኛው ይህን ፍርሃት በአደባባይ ሊያነሣው ይገባል፤ የሰጠውንም ያልሰጠውንም ስም ጮክ ብሎ ማንበብ መቅረት አለበት። ደብተሩ የተከፈተው ለቁጥጥር ነው። ግራ እጅ ቀኝ የምትሰጠውን እንዳታውቅ የሚለው ምክር በወንጌልም በሐዲስም ስላለ፣ በሁለቱም ወገን የሚከራከር አይኖርም። የለጋሾችን ስምና የብር መጠን ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው፤ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ለአንድ አደጋ ብቻ ብሎ ከማሰር ይልቅ ለተቀባዩ ትንሽ መፈናፈኛ መስጠትም ጥሩ ነው። በ2004ቱ ሱናሚ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለሥራው የሚበቃውን ገንዘብ በማግኘቱ፣ ለሱናሚው ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ መቀበሉን አቁሞ፣ የተረፈውን ለሌሎች አስቸኳይ ሥራዎች ለማዋል የለጋሾቹን ፈቃድ ጠይቋል። በጊዜው አንዳንድ ድርጅቶች ተቆጥተውበት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ሐቀኛ ማስታወቂያ አላየሁም።

የሚያጭበረብሩ ሰዎች

አደጋው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ አጭበርባሪውም ይነሣል። በየካቲት 2023 በቱርክ አደጋ ስም በትዊተር ከተሠራጩት የገንዘብ ጥሪዎች አንዱ ሕፃን ያቀፈ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምስል ይዞ ነበር፤ ቀረብ ብለው ያዩት ሰዎች በሰውየው ቀኝ እጅ ላይ ስድስት ጣቶች ቆጠሩ። ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበር። በቲክቶክ ላይቭ ደግሞ የቆየ ፎቶ እየደጋገሙ ስጦታ የሚለምኑ ነበሩ። ዛሬ ጣት በመቁጠር የሚለይ ሐሰት ጥቂት ነው። ስለዚህ ምስሉን ከመመርመር ይልቅ ገንዘብ ተቀባዩን ይመርምሩ፤ የማን ሒሳብ ነው? በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ነው? በቢሮ የሚያገኙት ሰው አለው? በቴሌብር ሲልኩም የሚስጥር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ፤ ድርጅት ነኝ ብሎ የግለሰብ ስም ከወጣ ይቁም። «ዛሬ ማታ ብቻ» የሚል ጥሪ ከሆነ ደግሞ ማጣራቱም አያስፈልግም፤ ይለፉት። እውነተኛ አደጋ ነገም ከነገ ወዲያም ገንዘብ ይፈልጋል።

ፎቶ ሲያጋሩ የሟች ፊትና የተራቆተ ሕፃን አያሳዩ። በ1977 ዓ.ም. የተነሡት የእኛ ሰዎች ፊት ዛሬም ድረስ ስማቸው ሳይጠራ በየመጽሔቱ ይወጣል፤ ልጆቻቸው በሕይወት እንዳሉ የሚያስታውስ ያለ አይመስልም።

ሁለተኛው ክፍያ

ግማሹን ለሦስት ወር ማቆየት ለምን እንዳስፈለገ አባላት መጠየቃቸው አይቀርም። በሦስተኛው ወር ዜናው ጸጥ ብሏል፤ ድንኳኑ ግን አልተነሣም። ድርጅቶች ገንዘብ የሚያጡትም በዚያ ጊዜ ነው። ሁለት መቶ አባወራ አምሳ አምሳ ብር ቢያዋጣ 10,000 ብር ይሆናል፤ 5,000ው በመጀመሪያው ወር፣ ሌላው 5,000 በአራተኛው ወር ይግባ። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን አልመክርም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ የተቀመጠ ብር ምን እንደሚደርስበት ሁሉም አይቶታል።

የመክፈያው ቀን ሲደርስ ገንዘብ ያዡ ከመክፈሉ በፊት ገንዘቡን ወደ ተቀበለው ድርጅት ደውሎ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ በምን ላይ ዋለ? ጥሪውስ አሁንም ክፍት ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ ሁለተኛው ክፍያ በስብሰባ እስኪወሰን ይቁም። ጥሪው ተዘግቶ ከሆነ በቃለ ጉባኤው የተጻፈው የአገር ውስጥ አማራጭ ይፈጸም፤ አዲስ መዋጮ ግን አይጠየቅ። ሁለቱ ደረሰኞች በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይለጠፉ፤ ደብተሩም ለማንኛውም አባል በተጠየቀ ጊዜ እንዲታይ በዳኛው ቤት ይቀመጥ።